ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን፦ በሐረር ዋይት ባላንስን በፍጥነት ማስተካከል

ካሜራ ይዞ ሐረር ጀጎል የገባን ሰው መጀመሪያ የሚያስደስተውም መጀመሪያ የሚያስቸግረውም አንድ ነገር ነው፤ ቀለም። አንዱ ግድግዳ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ያለው ሐምራዊ፣ ከእሱ ወዲያ ያለው ሰማያዊ፣ ከማዶው ደግሞ በነጭ ኖራ የተቀባ ነው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ፀሐይ ከላይ ገብታ አንዱን ግድግዳ ትመታና ወደ ሌላው ትነጥራለች። በመካከል የቆመው ሰው ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን እንግዲህ የፀሐይ ብቻ አይደለም፤ የግድግዳውም ነው። አሥር እርምጃ ሄዳችሁ ስትታጠፉ ብርሃኑ ሌላ ይሆናል።

ይህን የተማርኩት ባሳዘነኝ ሥራ ነው። ሙያውን በጀመርኩበት ዘመን አንድ ሙሉ ሰርግ ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም የቀለም ማስተካከያውን፣ ካሜራው ራሱ በሚመርጥበት ኦቶ ላይ ትቼ አነሳሁ። ጠዋት በጀጎል መንገዶች፣ ቀትር ላይ በቤት ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ በድንኳን ሥር። አልበሙ ሲደረደር ሙሽራዋ አንዱ ገጽ ላይ ቢጫ፣ ሌላው ላይ ሰማያዊ፣ ድንኳኑ ሥር አረንጓዴ ነበረች። እናቷ አንዱን ገጽ ገልጠው፣ ልጃቸው በዚያ ሰዓት ታማ እንደነበር ጠየቁኝ። አልታመመችም ነበር፤ እኔ ነበርኩ ብርሃኑን ያላየሁት። የሰውን መልክ የማስቀመጥ አደራ የተቀበለ ሰው፣ ያ መልክ የተሳሳተ ቀለም ይዞ ለልጅ ልጅ እንዲተላለፍ መፍቀድ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበት መንገድ ከአንድ ሐሳብ የሚነሳ ነው፦ ግድግዳውን ሳይሆን፣ ልብሱን ሳይሆን፣ ፊት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን መለካት። ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር አንድ ጊዜ፤ በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ሳይሆን። ሲለመድ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይወስዳል።

ካሜራው የሚቸገረው ለምንድን ነው

ነጠላን አስቡ። ቀትር ላይ ደጅ ስናየው ነጭ ነው። ማታ በሻማ ብርሃንም ስናየው ነጭ ነው። ነገር ግን በሻማው ጊዜ ከነጠላው ወደ ዓይናችን የሚመጣው ብርሃን ብርቱካናማ ነው፤ ዓይንና አእምሮ ተባብረው ብርሃኑን ይለማመዱትና ነጠላውን ወደ ነጭነቱ ይመልሱልናል። ካሜራ የመጣለትን ብርሃን እንዳለ ይመዘግባል። ዋይት ባላንስ ማለት እንግዲህ ለካሜራው «እዚህ ያለው ብርሃን ይህን ያህል ቢጫ ነው፣ ያንን ያህል ቀንስ» ብሎ መንገር ነው።

የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው። አንጥረኛ ብረት ሲያግል ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ብረቱ መጀመሪያ ይቀላል፣ ሙቀቱ ሲጨምር ብርቱካናማ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም እየነጣ ይሄዳል። የብርሃንም ቁጥር ዝቅ ሲል ወደ ቀይ፣ ከፍ ሲል ወደ ሰማያዊ ነው። የሻማ ነበልባል 1,900 ገደማ ነው። ባለ ክር አምፖል ከ2,700 እስከ 3,000፣ የቀትር ፀሐይ ከ5,200 እስከ 5,500፣ የደመና ቀን ከ6,000 እስከ 6,500፣ በጠራ ሰማይ ሥር ያለ ጥላ ደግሞ ከ7,000 እስከ 8,000 ይደርሳል፤ አንዳንዴም ያልፋል።

ብዙ ጀማሪ የሚደናገርበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። 7,000 ሰማያዊ ብርሃን ከሆነ፣ ካሜራው ላይ 7,000 ስመርጥ ፎቶግራፉ ለምን ይቢጫል? ምክንያቱም የምትመርጡት ቁጥር ትእዛዝ ሳይሆን መረጃ ነው። «ብርሃኑ በጣም ሰማያዊ ነው» ስትሉት ካሜራው ሰማያዊውን ለማካካስ ቢጫ ይጨምራል። ስለዚህ በአጭሩ፦ ፎቶግራፉ ሰማያዊ ከሆነባችሁ ቁጥሩን ከፍ አድርጉ፤ ቢጫ ከሆነባችሁ ዝቅ አድርጉ። ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳ።

ኦቶ የሚሳሳተው ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው። ካሜራው ብርሃኑን ለብቻው የሚያይበት መንገድ የለውም፤ የሚያየው ከዕቃው ላይ ነጥሮ የመጣውን ነው። ፍሬሙ ውስጥ አንድ ቀለም ሲበዛበት፣ ያ ቀለም የብርሃኑ ይመስለውና ሊያጠፋው ይሞክራል። መኪና ግርግር ሄዳችሁ፣ የልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ስሙን በሰጠው በዚያ መንገድ፣ አንድን ልብስ ሰፊ ከቀይ ጨርቅ ክምር ፊት አንሱት፤ ቀጥላችሁ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ብላችሁ ከሰማያዊ ጨርቅ ፊት አንሱት። ብርሃኑ አልተለወጠም፣ ሰውየውም ያው ነው፤ በኦቶ ግን ፊቱ ሁለት ዓይነት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። አረንጓዴ ግድግዳ ፊት የቆመች ልጅ ጉንጯ ወደ ሐምራዊ የሚያዘነብለው በዚሁ ምክንያት ነው። የጀጎልን ቀለም የወደደ ሰው ኦቶን ማመን የማይችለው፣ ኦቶ ያንን ቀለም እንደ ስህተት ስለሚቆጥረው ነው።

ከቤት ሳትወጡ

ሦስት ነገር አዘጋጁ። መጀመሪያ ቁልፉን ፈልጉ። በብዙ የኒኮን ካሜራዎች «ደብሊው ቢ» የሚሉ ሁለት ፊደላት የተጻፉበት ለብቻው የሆነ ቁልፍ አለ። በትንንሾቹ የካነን ካሜራዎች ብዙውን ጊዜ ከመካከለኛው ቁልፍ ዙሪያ ካሉት አራት ቀስቶች በአንዱ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ካላገኛችሁት «ኪው» የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ በሚመጣው ስክሪን ላይ ይገኛል። በሶኒ «ኤፍ ኤን» የሚለው ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ ወደ እሱ ያደርሳችኋል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣታችሁ እስክታገኙት ድረስ ተለማመዱ። አንድ ምሽት ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ፋይሉን ራው ላይ አድርጉት፤ ራው ካሜራው የመዘገበውን ሳያቀናብር የሚያስቀምጥበት፣ ጄፔግ ደግሞ አቀናብሮ የሚያስቀምጥበት ፋይል ነው። ሜሞሪ ካርዳችሁ ከቻለ ሁለቱ አብረው ይሁኑ። ጄፔግ ላይ የተሳሳተ ቀለም ከሥዕሉ ጋር ተጋግሮ ይቀራል፤ ትንሽ ይስተካከላል እንጂ ብዙ አይታረምም። ራው ላይ ዋይት ባላንስ እንደ ማስታወሻ ብቻ ስለሚቀመጥ ቤት ገብታችሁ መለወጥ ትችላላችሁ። «ታዲያ ራው ካለ ቦታው ላይ መድከም ምን ያደርጋል?» የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን እደክማለሁ። ከሳምንት በኋላ ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ያ ክፍል በእውነት ምን ይመስል እንደነበር አላስታውስም፤ ቆሜበት ሳለ ግን በዓይኔ እያየሁት ነው።

ሦስተኛ፣ ግራጫ ካርድ ያዙ፤ ወደ ምንም ቀለም የማያዘነብል፣ ብርሃን የሚለካበት ሰሌዳ ነው። የፎቶግራፍ ዕቃ መሸጫ ከሌለ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ያገለግላል፤ ግን አንድ ነገር እወቁ። ብዙ ወረቀት ነጭ እንዲመስል የሚያበራ ኬሚካል ስላለበት በፀሐይና በጥላ ውስጥ ጥቂት ሰማያዊ ይረጫል፤ በእሱ ስትለኩ ፎቶግራፉ ትንሽ ወደ ቢጫ ያዘነብላል። በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነጠላም እንዲሁ ነው። ከሰው ፊት አንጻር ይህ ስህተት ከኦቶው ስህተት እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ ካርድ በሌለበት ሰዓት የሙሽራዋን አክስት ነጠላ ከመለካት አትቆጠቡ። ፈቃድ ጠይቁ ብቻ።

ፈጣኑ መንገድ፦ የተዘጋጁት ምልክቶች

ካሜራው ውስጥ ፀሐይ፣ ቤት ከጥላው ጋር፣ ደመና፣ አምፖል፣ ረጅም ፍሎረሰንትና የመብረቅ ምልክት ታገኛላችሁ። ደጅ ለሚውል ሥራ እነዚህ ይበቃሉ። ሰውየው ፊት ላይ ፀሐይ በቀጥታ ካረፈ ፀሐይን ምረጡ። ፊቱ ጥላ ውስጥ ከሆነ የቤቱን ምልክት ምረጡ፤ ከኋላው ያለው ግድግዳ በፀሐይ ቢያበራም እንኳ። ስህተቱ የሚሠራው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ዓይን ወደ ደማቁ ግድግዳ ይሄድና ፀሐይን ያስመርጣል፣ ፊቱ ግን ከላይ ካለው ሰማይ ብቻ ብርሃን እየተቀበለ ስለሆነ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ናት፤ ዝናብ በሌለበት ወቅት ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ነው፣ ጥላውም እንዲሁ። ድሬዳዋ ላይ በትክክል የሠራላችሁ የደመና ምልክት ሐረር ጥላ ውስጥ ሊያንሳችሁ ይችላል።

እጃችሁን ዘርግታችሁ መዳፋችሁን የሰውየው ፊት ወደሚያይበት አቅጣጫ አዙሩ። ጠርዙ የጠነከረ ጥላ መዳፋችሁ ላይ ከታየ ፀሐይ ነው። ጥላው ከደበዘዘ ወይም ከጠፋ ወይ ደመና ነው ወይ ጥላ ነው። ይህች ትንሽ ልማድ ከስክሪኑ በፊት መልሱን ትሰጣችኋለች።

ቁጥሩን ራሳችሁ ስትመርጡ

ከጥቂት ሳምንታት ልምምድ በኋላ ምልክቶቹን ትታችሁ «ኬ» የሚለውን ምረጡ። አብዛኞቹ ካሜራዎች ከ2,500 እስከ 10,000 ድረስ ያስመርጣሉ። የእኔ አሠራር ይህ ነው፦ ደጅ ስወጣ 5,200፣ ጠባብ መንገድ ጥላ ውስጥ ስገባ 7,000፣ ቤት ውስጥ ባለ ክር አምፖል ሥር 2,900። ከዚያ አንድ ፎቶግራፍ አንስቼ የማየው የዓይንን ነጭ፣ ጥርስን ወይም የሸሚዝ አንገትጌን ነው። ቢጫ ከሆነ 300 እቀንሳለሁ፣ ሰማያዊ ከሆነ 500 እጨምራለሁ።

ለምን አንዴ 300 አንዴ 500? ምክንያቱም ቁጥሮቹ ለዓይን እኩል አይራመዱም። ከ2,800 ወደ 3,300 ስትሄዱ ለውጡ ጎልቶ ይታያል፤ ከ7,000 ወደ 7,500 ስትሄዱ ግን ብዙም አይለይም። ታች ስትሆኑ በትንሽ በትንሹ፣ ላይ ስትሆኑ ሰፋ አድርጋችሁ ተራመዱ።

ለኤልኢዲና ለኃይል ቆጣቢ አምፖሎች አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ ካርቶኑን ወይም የአምፖሉን አንገት አንብቡ። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ታትሞበታል። ቢጫው 2,700 ወይም 3,000 ይላል፣ ነጩ 6,500። ሱቅ ገብታችሁ ባለሱቁን ከማንሳታችሁ በፊት መደርደሪያው ላይ ያለውን የአምፖል ካርቶን ማየት ሁለት ሰከንድ ይወስዳል። ርካሽ አምፖል ግን ከቁጥሩ በተጨማሪ ወደ አረንጓዴ ሊያዘነብል ይችላል፤ ይህንን በኬልቪን ብቻ ማጥፋት አትችሉም። ለዚያ ካሜራው ውስጥ አራት አቅጣጫ ያለው ሰንጠረዥ አለ፤ በአንድ በኩል ከሰማያዊ ወደ ቢጫ፣ በሌላ በኩል ከአረንጓዴ ወደ ማጀንታ፣ ማለትም ወደ ሐምራዊ ቀይ፣ ይሄዳል። ነጥቧን አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ወደ ማጀንታ ግፏት። ሥራው ሲያልቅ ወደ መሃል መመለሷን አትርሱ፤ ካልመለሳችኋት የሚቀጥለው ሥራ ሁሉ ይቀላባችኋል፣ ምክንያቱንም ፈልጋችሁ ታጣላችሁ።

በፍሎረሰንት ሥር ሌላ ወጥመድ አለ። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። በ1/250 ሰከንድ ወይም ከዚያ በፈጠነ የመዝጊያ ፍጥነት ስታነሱ አንዱ ፎቶግራፍ ደማቅ፣ ሌላው ቢጫና ጨለምለም ያለ ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ የዋይት ባላንስ አይደለም። ፍጥነቱን 1/100 ወይም 1/50 ላይ አድርጉት፤ ቀለሙ ይረጋል።

ዋናው ሥራ፦ መለካት

ምልክትም ሆነ ቁጥር የማይመልሰው ብርሃን አለ። የባህላዊው የሐረሪ ቤት ከዚያ አንዱ ነው። በሩን ስታልፉ የምትገቡበት ትልቁ ክፍል፣ ጊዲር ጋር፣ ከፍና ዝቅ እያሉ የተሠሩ መደቦች አሉት፤ ነደባ ይባላሉ። መደቡ ቀይ፣ ምንጣፉ ቀይ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሙዳዮችና ሰሐኖች ደግሞ ሌላ የቀለም ዓለም ናቸው። ብርሃኑ በዋናነት የሚገባው በበሩ ነው፤ ገብቶ ቀዩን መደብ ይመታና ከታች ወደ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ፊት ያበራል። በበሩ የገባው ብርሃን 5,500 ቢሆንም ፊታቸው ላይ የደረሰው ሌላ ነው። ይህን የሚያውቀው ካርድ ብቻ ነው።

እንዲህ አድርጉ።

1. ካርዱን የሚነሳው ሰው ጉንጭ አጠገብ እንዲይዘው አድርጉ፤ ካርዱ ወደ ሌንሱ ይመልከት። በሩ ላይ ቆማችሁ ካርዱን በገዛ እጃችሁ አትለኩ፤ እዚያ ያለው ብርሃን የእናንተ እንጂ የእሱ አይደለም።

2. ቀረብ በሉ ወይም ሌንሱን ሳቡ፤ ካርዱ የፍሬሙን መሃል በደንብ ይሙላ። የእናንተ ጥላ ካርዱ ላይ እንዳያርፍ፣ የለበሳችሁት ደማቅ ልብስም ቀለሙን እንዳይረጭበት ተጠንቀቁ። እኔ ለሥራ ስወጣ ግራጫ ወይም ጥቁር የምለብሰው ለዚህ ነው።

3. የሌንሱን ማተኮሪያ ከራስ ገዝ ወደ እጅ አዙሩት። ባዶ ካርድ ላይ ሌንሱ የሚይዘው መስመር ስለሚያጣ ወዲያ ወዲህ ሲል ይቆይና አላነሳም ይላችኋል። ካርዱ ቢደበዝዝም ችግር የለም፤ የሚፈለገው ቀለሙ ነው። ሲያበቃ መልሱት።

4. የብርሃኑ መጠን መካከለኛ ይሁን። ካርዱ ነጥቶ ዝርዝሩ ከጠፋ ወይም ከጠቆረ ልኬቱ ይሳሳታል።

5. አሁን እንደየካሜራው ለኩ።

በካነን መጀመሪያ ካርዱን እንደ ማንኛውም ፎቶግራፍ አንሱት። ከዚያ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ «ከስተም ዋይት ባላንስ» የሚለውን ምረጡ፣ አሁን ያነሳችሁትን ፎቶግራፍ አሳዩት፣ «ሴት» ተጫኑ። ሥራው ግን ገና አላለቀም፤ ብዙ ሰው እዚህ ያቆምና ለምን አልተለወጠም ይላል። ተመልሳችሁ ከምልክቶቹ መካከል ሁለት ጎነ ሦስት የተቀመጠበትን የከስተም ምልክት መምረጥ አለባችሁ። ካሜራው በጥቁርና ነጭ ሥዕል ላይ ተደርጎ ከሆነም ልኬቱን አይቀበልም።

በኒኮን ለብቻው ቁልፍ ያለው ከሆነ፣ «ደብሊው ቢ»ን ተጭናችሁ መዘወሪያውን «ፒ አር ኢ» እስኪል ድረስ አዙሩ። ልቀቁት። እንደገና ተጭናችሁ ያዙት፤ ፊደላቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምሩ ልቀቁና ሳይጠፉ ካርዱን አንሱ። «ጂ ዲ» ካለ ተቀብሏል፤ «ኖ ጂ ዲ» ካለ ወይ በዝቶበታል ወይ ጨልሞበታል፣ ብርሃኑን አስተካክላችሁ ድገሙ። በዚህ ጊዜ ፎቶግራፍ አይቀመጥም፤ ልኬቱ ብቻ ይያዛል። ትንንሾቹ ኒኮኖች ይኸንኑ በሜኑ ውስጥ «ፕሪሴት ማንዋል»፣ ቀጥሎ «ሜዠር» በሚል መንገድ ያደርጉታል።

በሶኒ ከዋይት ባላንስ ዝርዝር ግርጌ ካለው ከስተም ክፍል ልኬቱን የሚያስጀምረውን ምረጡ፤ ስክሪኑ ላይ ትንሽ ክብ ትመጣለች። ካርዱ ክቧን ይሙላት፤ ስክሪኑ የሚያሳያችሁን ቁልፍ ተጫኑ፣ ያገኘው ቁጥርም ይታያችኋል። ያንን ቁጥር ልብ በሉት። በየክፍሉ ያገኛችኋቸውን ቁጥሮች ማስታወሻ ላይ መያዝ ዓይናችሁን ከማንኛውም ትምህርት ይበልጥ ያሠለጥነዋል።

6. አንድ የሙከራ ፎቶግራፍ አንሱና ፊቱን ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ እዩ። በሐረር ፀሐይ ስክሪኑ ስለማይታይ በእጃችሁ ወይም በነጠላ ጋርዱት።

ይህ ሁሉ ሲነበብ ረጅም ነው፤ ሲለመድ ግን ሰውየው አቀማመጡን እስኪያስተካክል ድረስ ያልቃል። በዚያ ቤት፣ በዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት እስካላችሁ ድረስ ደግማችሁ አትነኩትም። ከመደቡ ወደ በሩ ሲወጡ ግን ልኬቱ አብሮ አብቅቷል።

ድንኳን

ለሰርግ አንሺዎች ከሁሉም የሚከፋው ባለ ቀለም ድንኳን ነው፤ ስለዚህ ለብቻው እናገራለሁ። ነጭ ድንኳን ጥሩ ጓደኛ ነው፤ ፀሐይን ያለሰልሳል፣ ቀለሟንም ብዙ አይለውጥም። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሸራ ግን ብርሃኑን በራሱ ቀለም ያጣራዋል፤ ከሥሩ ያለ ሰው ሁሉ በዚያ ቀለም ይነከራል። እዚህ ላይ ኬልቪን አይረዳችሁም። ካርዱን በድንኳኑ መሃል፣ ከጠርዙ ራቅ ብላችሁ ለኩ። ጠርዝ ላይ ከደጅ የሚገባ ንጹሕ ብርሃን ስላለ ፊት በግማሹ አረንጓዴ፣ በግማሹ ጤናማ ይሆናል፤ ይህን የሚያስተካክል ልኬት የለም። ሙሽሮቹ የሚቀመጡበትን ወንበር ጠርዝ ላይ ከማድረግ ወይ ሙሉ በሙሉ ውስጥ ወይ ሙሉ በሙሉ ደጅ እንዲሆን አስቀድማችሁ ቤተሰቡን በትሕትና ጠይቁ። ዋናውን የቤተሰብ ፎቶግራፍ ግን ከድንኳኑ አውጥታችሁ በግቢው ጥላ ውስጥ አንሱ።

ከፕላስቲክ ሸራ ሥር የሚሸጡ የገበያ ነጋዴዎችን ስታነሱም ነገሩ ያው ነው።

ፍላሽና ባለ ቀለም ግድግዳ

ፍላሽ 5,500 አካባቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው ብርሃኑን ለማለስለስ ወደ ግድግዳ ሲያዞሩት ነው። በጀጎል ቤት ፍላሻችሁን ወደ አረንጓዴ ግድግዳ ካዞራችሁት የሚመለሰው አረንጓዴ ነው። ጣሪያው የእንጨት ከሆነ ደግሞ ቡናማ ሆኖ ይመለሳል፣ ያውም ጥቂቱ ብቻ። ነጭ ግድግዳ ፈልጋችሁ ወደ እሱ አዙሩ፤ ከሌለ ከፍላሹ ጀርባ ነጭ ካርድ አስራችሁ ከእሱ አንጥሩት።

ሌላው፣ በቢጫ አምፖል ሥር በፍላሽ ያነሳችኋቸው ሰዎች ፊታቸው ትክክል ሆኖ ከኋላ ያለው ክፍል እሳት የተያያዘበት ይመስላል። ሁለት ዓይነት ብርሃን ስላለ አንድ ልኬት ሁለቱን ሊያስታርቅ አይችልም። መፍትሔው ፍላሹን ከአምፖሉ ጋር ማመሳሰል ነው፤ ለፍላሽ የሚሠራ ብርቱካናማ ማጣሪያ የፍላሹ ፊት ላይ ለጥፋችሁ ካሜራውን ወደ 3,200 አውርዱ። ማጣሪያ ከሌለ ቀላሉ መንገድ አምፖሉን ማጥፋት ነው። አጥፉልኝ ማለት አትፈሩ።

ድሬዳዋና ምሽቱ

ወደ ድሬዳዋ ስትወርዱ ፀሐይዋ ትጠነክራለች፣ አየሩም ይሞቃል። ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ጥላ ይፈልጋል፤ በከዚራ ሰፈር ጥላ ማለት ዛፍ ነው። ቅጠል ያለፈ ብርሃን አረንጓዴ ነው። የጥላን ምልክት ብትመርጡ ሰማያዊው ይጠፋል፣ አረንጓዴው ግን ይቀራል። 6,000 አካባቢ አድርጋችሁ በሰንጠረዡ ላይ ሁለት እርምጃ ወደ ማጀንታ ግፉ፤ ጊዜ ካላችሁ ለኩ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ስትልና ከዛፎቹ ሥር በጎን ስትገባ ወደ 5,200 ተመለሱና ተዉት። የዚያ ሰዓት ወርቃማነት የቦታው እውነት ነው፤ መለካት ማለት እሱን ማጥፋት ማለት ከሆነ አትለኩ።

ይህን በደንብ ልበል። ገለልተኛ ነጭ ሁልጊዜ ግብ አይደለም። የቡና ረከቦት ከፍም ጋር፣ የፀሐይ መግቢያ፣ ሻማ የያዘ እጅ፣ እነዚህን አስተካክላችሁ ብታነጧቸው የሆኑትን ነገር ትነጥቋቸዋላችሁ። መብራት ጠፍቶ ሻማ ሲበራ አብዛኛው ካሜራ ከ2,500 በታች ስለማይወርድ ሥዕሉ በራሱ ብርቱካናማ ሆኖ ይቀራል፤ እንዲያውም 3,200 ላይ አድርጉት፣ ምሽትነቱ ይታይ። የጄኔሬተር መብራት ሲመጣ ግን ፍጠኑ፤ ክፍሉ በአንድ ጊዜ ሌላ ይሆናል።

በሹዋሊድ ምሽት፣ የሸዋልን ስድስት ቀን ጾም ተከትሎ ሐረር በሚደምቅበት ጊዜ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ነጭ ኤልኢዲ፣ ቢጫ አምፖልና የስልክ መብራት አብረው ይገኛሉ። ሁሉንም ማስታረቅ አትችሉም። ለፊቱ የሚቀርበውን መብራት ምረጡና ለእሱ ለኩ፤ ሌሎቹ ከኋላ ቀለም ሆነው ይቅሩ። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበ በዓል ነው፤ ከምናነሳው የተወሰነው መዝገብ ሆኖ ይቀራልና ፊቶቹ ትክክል ይሁኑ።

ከግንብ ውጭ ጅቦች ሲመገቡ ለማንሳት ከሄዳችሁ፣ ብርሃኑ ብዙ ጊዜ የመኪና ወይም የባጃጅ ፊት መብራት ነው። የድሮው ሃሎጅን ከሆነ 3,200 ይበቃዋል፣ አዲሱ ነጭ ኤልኢዲ ከሆነ ወደ 5,500 ሂዱ። እኔ ሃሎጅኑን 3,800 ላይ አነሳዋለሁ፤ የጅቡ ጠጕር ላይ ትንሽ ቢጫ እንድትቀር እፈልጋለሁ።

በስልክ ለምታነሱም ነገሩ ያው ነው። ብዙ ስልኮች ካሜራ ውስጥ «ፕሮ» የሚል ክፍል አለ፤ እዚያ ያለውን የኬልቪን መስመር በጣት መግፋት ይቻላል። ቢያንስ ቁጥሩ በየፎቶግራፉ መዋዠቁን ያቆማል።

ቤት ስትገቡ

ራው ፋይሎቹን ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱ በየቦታው ካርዱን ያነሳችሁበትን ፎቶግራፍ ፈልጉ። በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን የቀለም መምጠጫ ምልክት ካርዱ ላይ ጠቅ አድርጉ፤ ከዚያ ያንን ማስተካከያ በዚያው ብርሃን ለተነሱት ሁሉ ገልብጡ። በኒኮን የለካችሁ ከሆነ ፎቶግራፍ ስለማይቀር፣ ከልኬቱ በኋላ ካርዱን አንድ ጊዜ ለብቻው አንሱት። የተለያየ ቦታ የተነሱ ሁለት ፎቶግራፎችን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ የአንድ ሰው ጉንጭ በሁለቱም ላይ የአንድ ሰው መሆኑን እዩ። ከመደቡ ላይ የመጣችው ጥቂት ቀይ ብትቀር አልከፋም፤ ቤቱ እንዲያ ነው። የምትመለከቱት ስክሪን ራሱ ሰማያዊ ወይም ቢጫ ከሆነ ግን ሁሉም ከንቱ ነው፤ ማታ ማታ ስክሪኑን የሚያቢጨውን የዓይን መከላከያ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አጥፉት።

ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ዋይት ባላንሱን ወደ ፀሐይ ምልክት መልሱ፤ የማጀንታውን ነጥብ ወደ መሃል፣ ማተኮሪያውን ወደ ራስ ገዝ። ማታ ጅቦቹን በ3,200 አንስቶ እንዲሁ የተኛ ሰው፣ ጠዋት የጀጎል አደባባይ ፈረስ መጋላ ላይ የሚያነሳው የመጀመሪያ ፎቶግራፍ ድፍን ሰማያዊ ይሆንበታል፤ ሰውየውም እስኪታረም ቆሞ አይጠብቀውም።